ለንጉሥ የዘገየ መልስ

አባቴ ጅማ፣ በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ደብዳቤ አርቃቂ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከሰሜን ሸዋ መጥተው፣ እናቴን እዚሁ አግብተው፣ ጊንጆ ሠፈር ቤት ሠርተው ቀሩ። ሥራቸው ሲነገር ትንሽ ይመስላል። አለቆቻቸው የሚሉትን ይሰማሉ፣ ከዚያ ሊባል በሚገባው መልክ ይጽፉታል። የሚታወቁት ግን በደብዳቤው አካል ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ነበር። ማን «ክቡር» እንደሚባል፣ የሟች ደጃዝማች ሚስት በምን እንደምትጠራ፣ ለጳጳስና ለሼህ ሲጻፍ ሰላምታው እንዴት እንደሚለያይ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ እሳቸውን ነበር የሚጠይቀው።

እናቴን «አንቺ» እያልኩ፣ አባቴን «እርስዎ» እያልኩ ነው ያደግሁት። ማንም አላስገደደኝም፤ አፌን የፈታሁት እንዲሁ ነው። እናቴ ገና አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ስለሞተች፣ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እርስዎ የሚባሉት አባቴና እኔ ብቻ ሆንን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ የድሮ ነገሥታት እንዴት ይጻጻፉ እንደነበር ይነግሩኛል። ከየት እንዳነበቡት አላውቅም። ታላቁ ለታናሹ ሲጽፍ የራሱን ስም ያስቀድማል፣ ታናሹ ለታላቁ ሲጽፍ የራሱን ወደ ታች ያወርዳል ይሉኛል። ባሕር ማዶ ላለ ንጉሥ «ወንድሜ» ብለው ይጽፉ እንደነበር፣ ለቅርቡ ንጉሥ ግን ወይ አባት ወይ ልጅ እንጂ ወንድም ማለት እንደሚከብድ ያስረዱኛል።

«ለምን ይከብዳል?» አልኳቸው አንድ ጊዜ።

«የሩቅ ሰው ወንድምሽ ቢሆን ምን ይወስድብሻል? የጎረቤት ወንድም ግን ድንበር አለው» አሉና ሳቁ። አባቴ ብዙ አይስቁም ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ ማዕረግ ሁሉ ቀረ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰው ሁሉ ጓድ ሆነ። አዲሱ አለቃቸው ጨዋ ወጣት ነበር፤ አልሰደባቸውም፣ አላሰራቸውም። የጻፉትን ደብዳቤ መልሶ ይሰጣቸውና «ጓድ ብቻ ይበቃል» ይላቸዋል። አባቴ ይጽፉታል። ችግሩ እጃቸው ነው፤ ጓድ ብለው ከጻፉ በኋላ «ክቡር» የሚለውን ይጨምሩበታል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ወደ ቡና መጋዘን አዛወሯቸው። እዚያ በቆርቆሮ ተቆርጦ የተሠራውን የፊደል ቅርጽ ጆንያ ላይ እያደረጉ የአገሩን ስም በጥቁር ቀለም ያትማሉ። ማታ ሲገቡ ጣቶቻቸውን በሎሚ ያሻሉ። ስለ ነገሥታቱ ማውራት ያቆሙት ያን ጊዜ ነው።

እኔ በዚያ ሰዓት አጋሮ አስተማሪ ነበርኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያ በተከራየሁት ክፍል አድራለሁ፣ ቅዳሜ በአውቶቡስ ጅማ እመጣለሁ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ገበሬ ማኅበር ከሰዓት በኋላ ትልልቅ ሰዎችን እንዳስተምር ተመደብኩ። ከተማሪዎቼ መካከል ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት እናት ነበሩ። ሰው ሁሉ «አኮ» ነበር የሚላቸው፣ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። አንድ ቀን አይቀሩም። የቡና ለቀማ በደረሰበት ወር እንኳ፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ እጃቸው በእሸት ቡና እንደተጣበቀ መጥተው ፊት አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን እጃቸውን አነሡ። «መምህርት፣ ደብዳቤ መጻፍ የምንደርሰው መቼ ነው?»

«ፊደሉን ስንጨርስ ነው አኮ። ለማን ሊጽፉ ነው?»

«ለንጉሡ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ የማያስፈልግ ፊደል ጻፍኩ። ንጉሡ ከወረዱ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ ስማቸውን በሰው ፊት የሚያነሣ አልነበረም።

ትምህርቱ ሲያልቅ እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው። ግቢያቸው ውስጥ ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ነበር። ወደ ውስጥ አስገቡኝና ቁርኣናቸው ከሚቀመጥበት የቆዳ ማኅደር ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ማኅተም አለበት፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዷል፣ ጥግ ጥጉን ምስጥ ቀምሶታል።

ታሪኩን በኦሮምኛ፣ አንዳንዴም በአማርኛ እያቀላቀሉ ነገሩኝ። አያታቸው ነጋዴ ነበሩ፤ ወደ ሸዋ እየተመላለሱ ማርና ቡና ይወስዱ ነበር። በአንድ ጉዞ ንጉሡ ፊት ቀርበው ማር ሰጡ። በሚቀጥለው ዓመት እናታቸው ስለታመሙ አልሄዱም፣ ይቅርታ ብለው በሰው ላኩ። ንጉሡ ይህን ደብዳቤ ጻፉላቸው። አሁን የወረዱት አይደሉም፤ የእነ አያታቸው ዘመን ንጉሥ ናቸው።

«አያቴ መልስ አልሰጠም» አሉ አኮ። «መጻፍ የሚችል ሰው ፈልጎ አገኘ። ሰውየው ግን፣ ‹ንጉሥ እንዴት እንደሚጠራ አላውቅም፣ አጠራሩን ከሳትኩ አንተም እኔም ጉድ ነን› ብሎ እምቢ አለው። ሌላ ሰው ሲፈልግ አንድ ዓመት ሄደ። ሁለት ሄደ። ከዚያ ንጉሡ ሞቱ ተብሎ ገበያ ላይ ሰማ። እስኪሞት ድረስ ይከነክነው ነበር። ለአባቴ፣ ‹መልስልኝ› አለው። አባቴ ለእኔ አለኝ። አሁን አርጅቻለሁ፣ ኢንተላ ኮ። ልጄ፣ እኔ የምነግረው ልጅ የለኝም።»

ጽሑፉ ቃል ከቃል የተጣበቀ ነበርና በደንብ ማንበብ አልቻልኩም። ቅዳሜ ጅማ ስገባ ለአባቴ ነገርኳቸው። ሎሚያቸውን እያሹ ሰሙኝ። ሲጨርሱ እጃቸውን አደረቁና «አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አሉኝ።

ለሥራ ካልሆነ ከከተማ ወጥተው አያውቁም። ያን ቀን ግን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሁለት ብዕርና የቀለም ጠርሙስ በመሐረብ ጠቅልለው፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው አጋሮ ድረስ አንድ ቃል ሳይናገሩ መጡ። አኮ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«ነጋ ጅርቱ፣ ኦቦ» አሏቸው፤ ደኅና ነዎት ጌታዬ እንደ ማለት ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ?» አሉ አባቴ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። ለሰው ባርኔጣ ሲያወልቁ ካየሁ ረዥም ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ደብዳቤውን ወደ ብርሃን አውጥተው ቆመው አነበቡት፣ እኔ በኦሮምኛ እየደገምኩ። በመጀመሪያ የንጉሡ ስምና ማዕረግ። ቀጥሎ ይድረስ የሚለውና የአያትየው ስም። ከዚያ እንዴት ሰንብተሃል፣ እኔ ከነሠራዊቴ ደኅና ነኝ። አባቴ እዚህ ላይ ቆሙና ንጉሥ የነጋዴን ደኅንነት ከጠየቀ በኋላ የራሱንም ደኅንነት መንገሩ ትልቅ ነገር እንደሆነ ለአኮ አስረዱ፤ እንደ ቤተሰብ መቁጠር ነው። ቀጥሎ ስለ ማሩ ምስጋና ነበር። መጨረሻ ላይ ንጉሡ፣ ወዳጄ ሆይ፣ እናትህ ተሻላት ወይ፣ ወሬዋን ላክልኝ ይሉ ነበር።

አኮ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ደብዳቤው ስለ እናትየው እንደሚጠይቅ ከአባታቸው ሰምተዋል። ከወረቀቱ ላይ ሲነበብ ግን ሰምተው አያውቁም ነበር።

«ተሻላቸው?» አሉ አባቴ።

«አልሃምዱሊላህ፣ ተሻላቸው። እኔን እስኪያቅፉ ኖሩ።»

«እንግዲያው የምንጽፈው ይህን ነው።»

ከዚያ በኋላ ለተከታታይ ሳምንታት አባቴ ቅዳሜ አጋሮ መምጣት ጀመሩ፤ እኔም ጅማ መሄዴን ተውኩ። ጠረጴዛው አኮ ግቢ ውስጥ አቮካዶ ሥር ይወጣል። አባቴ ረቂቁን ይጽፋሉ፣ አኮ ደግሞ በራሳቸው እጅ ለመገልበጥ ፊደላቸውን ይለማመዳሉ። አንድ ነገር ከመጀመሪያው ተነጋገሩበት፤ የሞተ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም፣ ስለዚህ ጸሐፊዋ ራሳቸው አኮ ይሆናሉ። አኮ ከሁሉ በፊት ቢስሚላህ እንዲቀድም ጠየቁ። አባቴ፣ ነገሥታት ከእስላም ወዳጆቻቸው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲቀበሉ ኖረዋል ብለው ወዲያው ተስማሙ። እኔ የፈራሁት «ጃንሆይ» የሚለውን ነበር። ይቅር ስላቸው አባቴ ቀና ብለው አዩኝ።

«ለሞተ ሰው ነው የምንጽፈው ልጄ። የሞተበትን ማዕረግ ብንነፍገው ማን ይጠቀማል?»

የተጣሉት በመጨረሻው መስመር ነው። አባቴ እንደ ወጉ «አሽከርዎ» ብለው ጽፈው ነበር። ለአኮ ቃሉን መተርጎም አላስፈለገኝም።

«አያቴ የማንም አሽከር አልነበረም» አሉ። «ንጉሡ ወዳጄ አሉት እንጂ አሽከሬ አላሉትም።»

«ንጉሥ ዝቅ ብሎ ወዳጄ ይላል። የታችኛው ሰው ግን ያንኑ ቃል መልሶ አይጠቀምበትም።»

«ለምን?»

አባቴ ብዕሩን አስቀመጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ሥራ ሲሠሩ አንድም ሰው ለምን ብሎ የጠየቃቸው አይመስለኝም። «ይህን አስቤበት እመጣለሁ» ብለው ተነሡ። ያን ሳምንት መጋዘን ውስጥ ጆንያ በተሳሳተ ስም አትመው እንደ ገና እንዳጠቡት በኋላ ከጎረቤታችን ሰማሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ገና ሳይቀመጡ፣ «የወዳጅዎ የልጅ ልጅ» አሉ። «እርስዎ ከንጉሡ ጋር እኩል ነኝ አላሉም። ንጉሡ ራሳቸው አያትዎን የጠሩበትን ቃል ነው የመለሱላቸው።»

አኮ ቃሉን ሦስት ጊዜ በከንፈራቸው አሉት። ከዚያ ቤት ገብተው ከአዲሱ ማር በሳሕን አምጥተው ለአባቴ ሰጡ።

ወሬው ግን ከአቮካዶው ሥር ወጥቶ ሄዶ ነበር። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጣ። ሊቀመንበሩ የአኮ የወንድም ልጅ ነው፤ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። እኔና አኮ ንጹሑን ግልባጭ እየጨረስን ነበር። ጠመንጃውን ግንዱ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ።

«አኮ፣ ለንጉሥ ትጽፊያለሽ ይላሉ።»

«እጽፋለሁ።»

«ንጉሡ የት ናቸው?»

«ሞተዋል። የአያቴ ዘመን ናቸው።»

«ታዲያ ማን ሊቀበለው?»

አኮ ወረቀቱን ሰጡት። ቀስ ብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። እናትየው ተሽሏቸው የልጅ ልጆቻቸውን ልጆች እንዳዩ ከሚናገረው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። የአባቱም ቅድመ አያት ናቸው።

«ይሄን እኔም ሰምቻለሁ» አለ። «አባቴ ሲያመው፣ ‹ሳንመልስ ቀረን› ይል ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መምህርት፣ ወሬው ወረዳ ደርሷል። ባዶ እጄን ከሄድኩ መጥተው ቤቱን ይፈትሻሉ፣ የድሮውንም ይወስዱታል። አንድ ወረቀት መስጠት አለብኝ» አለኝ።

በጠረጴዛው ላይ የነበረው ሌላ ወረቀት የአባቴ ረቂቅ ብቻ ነበር። አኮ በእጁ ያለውን የእሳቸውን ውሰደው ሊሉት ሲሉ እኔ ቀደምኩና ረቂቁን ሰጥቼ ያንን ተቀበልኩት። ለምን እንዳደረግሁት እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። አባቴ ቢጠየቁ ምን እንደሚሉ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ደግሞም የአኮ እጅ፣ አንዱ ፊደል ዶሮ አንዱ ፊደል ዝሆን የሚያክለው፣ ሁለተኛ እንደማይጻፍ ታወቀኝ።

አባቴን ጅማ በቀበሌያችን ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየጠሩ ጠየቋቸው። አልመቷቸውም። በመጨረሻ የይለፍ ወረቀት ሳይዙ ከከተማ እንዳይወጡ አስፈረሟቸው፤ የይለፉንም ወረቀት በጠየቁ ቁጥር ሳይሰጧቸው ቀሩ። ረቂቁን የሰጠሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«ደግ አደረግሽ» አሉኝ። «ስሕተት ነበረው?»

«የምኑ?»

«ረቂቁ። ለማያውቁት ሰዎች ሲሰጥ ሥርዝ ድልዝ ነበረው ወይ?»

አኮ ደብዳቤውን ያነበቡት በአንድ ዓርብ ማለዳ፣ አያታቸው በተቀበሩበት የቡና ማሳ ውስጥ ነው። የነበርነው እኔና የወንድማቸው ልጅ ብቻ ነን። ቆመው፣ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቃል በቃል አነበቡት። ጮክ አላሉም። ሲጨርሱ ወረቀቱን ከንጉሡ ደብዳቤ ጋር በአንድ ጨርቅ ጠቀለሉትና፣ «ኦቦ እዚህ መቆም ነበረባቸው» አሉኝ። ቅዳሜ ጅማ ስገባ አባቴ ሁሉንም እንድነግራቸው ጠየቁ። የት ላይ ትንፋሽ ወሰዱ? ሰላምታው ላይ ቸኮሉ ወይስ ቆሙ? የመጨረሻውን መስመር እንዴት አሉት? የማስታውሰውን ነገርኩ። የማላስታውሰውን ሲጠይቁኝ ዓይኔን ወደ መሬት አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ አልተገናኙም። ወረቀትም አይሁን አሉ አባቴ፣ ለእሳቸው መዘዝ ያመጣል። ስለዚህ በየሳምንቱ ሰላምታውን በአፌ አደርሳለሁ። አባቴ ሙሉውን ይሉታል፤ እንዴት ሰነበቱ፣ ቤተ ዘመድዎ፣ ከብትዎ፣ ቡናዎ እንዴት ነው፣ እኔ ልጄን ይዤ ደኅና ነኝ። አኮ በኦሮምኛ የዚያኑ ያህል ይመልሳሉ። አንድ ሰኞ የተማሪ ደብተር ሳርም ውዬ ደክሞኝ ነበርና፣ «አባባ ሰላም ብለውዎታል» ብዬ ብቻ አለፍኩ።

አኮ ጀንፈሉን መገልበጥ አቆሙ። «እንዲህ አላሉም» አሉኝ።

አፈርኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ሙሉውን አልኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። እንዲህ ሦስት ዓመት ያህል ሄደ፤ ይለፉ በሚቀጥለው ወር ይሰጠኛል እያሉ አባቴ ካፖርታቸውን በየክረምቱ መውጫ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል።

አባቴ በሐምሌ ሞቱ። ሳንባቸው ነበር። ዝናቡ መንገዱን ስላበላሸው አውቶቡስ ለቀናት ቆሞ ስለነበር አኮ የመጡት ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ የወንድማቸው ልጅ ደግፏቸው፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው አለቀሱ። ሰው ቀለል ሲል ኦቦ ይጽፉበት የነበረውን ጠረጴዛ አሳዪኝ አሉኝ። አሳየኋቸው። እጃቸውን ላዩ ላይ አድርገው ቆዩ።

«ኢንተላ ኮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «እኔ ፊት ሲሆኑ እርስዎ ይሉኝ ነበር። እኔ በሌለሁበት፣ እዚህ ቤት፣ ማን ብለው ነው የሚጠሩኝ?»

ለማስታወስ ሞከርኩ። ስማቸውን ጠርተው አያውቁም። የአጋሮዋ ሴትዮም አላሉም። ቅዳሜ ገና ከበሩ ስገባ፣ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ «እሳቸው እንዴት ናቸው?» ይሉኛል። ማን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። በቤታችን እሳቸው የሚባሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።

ይህንኑ ነገርኳቸው። ኦሮምኛውን ስፈልግ «ኢሳን» ከሚለው ሌላ አላገኘሁም፤ ለአንድ ሰው ማክበሪያም ለብዙ ሰዎችም የሚሆን ቃል ነው።

«ኢሳን» አሉ ቀስ ብለው። ጠረጴዛው አጠገብ ባለው የአባቴ ወንበር ላይ ተቀመጡና ሻሻቸውን አስተካከሉ። የወንድማቸው ልጅ አውቶቡሱ እንዳያመልጣቸው ብሎ እስኪጠራቸው ድረስ እዚያው ቆዩ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። አውቶቡሱ እስኪዞር ቆሜ አየሁና ወደ ጊንጆ በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ነገሩን በራሴ ውስጥ እያሰናዳሁ ነበር። ጫማቸው ጭቃ እንደነበር፣ በአባቴ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ ምን እንደጠየቁኝና ምን ብዬ እንደመለስኩ፣ አንድም ሳላስቀር በቅደም ተከተል ልናገር። በሩን ከፍቼ ገባሁ፣ ቦርሳዬን እንደያዝኩ መሀል ቤቱ ላይ ቆምኩ፣ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።